ከጉለሌ እስከ ወናጎ፦ አገር በቀል ግቢ ፍለጋ

ሐሙስ። የካቲት ሊያልቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አልለቀቀም፣ ከረፋዱ በኋላ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዳር ከተማ ያሠራነው ቤት ግቢው ገና ባዶ ነው፤ ግንበኞች የተዉት አሸዋ፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ማንም ሳይተክላት የበቀለች አንዲት ግራዋ። ጎረቤት ሁሉ መካሪ ነው። አንዱ ዙሪያውን የፈረንጅ ጥድ ትከልና በመቀስ እያስተካከልክ ያዘው ይላል፣ ሌላዋ ሳር አልብሰውና በሩ ላይ ግራና ቀኝ ፓልም አቁምበት ትላለች። እኔ ግን በአገር በቀል ተክል ግቢ ማልበስ ይቻል እንደሆነ፣ ከተቻለም ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌያለሁ። ዛፍ መካከል የሚኖር ሰው ጋ ሄጄ ብጠይቅ ይሻላል ብዬ፣ መጀመሪያ እዚሁ ጉለሌ፣ ከዚያ ወደ ጌዴኦ ዞን ለመውረድ ተነሣሁ።

ከአዲሱ ገበያ ወዲያ ያለውን ዳገት በታክሲ 20 ብር ከፍዬ ጀመርኩት፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። 705 ሄክታር ይሰፋል፣ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ እኔም ቁና ቁና እየተነፈስኩ ነው በሩ ላይ የደረስኩት። መጀመሪያ የሚቀበለው የባህር ዛፍ ሽታ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ተራራውን ሁሉ ይዞት ስለኖረ፣ ማዕከሉ ቀስ በቀስ እየቀነሰ በምትኩ የአበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌላውንም ይተክላል። ያስጎበኘኝ ወጣት ብዙ አይናገርም፤ ያለፈበትን ግንድ ሁሉ ግን በመዳፉ መታ መታ ሳያደርግ አያልፍም። ባህር ዛፉ ሥር መሬቱ ደረቅ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት ነው፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ትንሽ ወዲያ የአበሻ ጥዶቹ ሥር ስንደርስ ግን ሳሩም ቁጥቋጦውም ተቀላቅሎ በቅሏል፣ ወፉም እዚያ ነው።

ኮሶን ስሙን እንጂ ዛፉን በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር። ግንዱ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይላጣል፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ላይ የመጋዝ ጥርስ አለው። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ የድሮ ሰው ለትል እያዘጋጀ ይጠጣ የነበረው የሴቷን አበባ ነው። ከእሱ ራቅ ብሎ ቀጋ አለ፣ እሾኹ ሸሚዜን ይዞ አልለቅም አለ። ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል የጽጌረዳ ዝርያ ይህ ብቻ ነው። አበባው ነጭ ነው፣ ፍሬውን እረኛ ይበላዋል፣ አጥር ላይ ከወጣ ደግሞ ሌባ አያሳልፍም። ይህን የመሰለ ተክል እያለን ለግቢያችን የውጭ ጽጌረዳ የምንፈልግበት ምክንያት አልገባኝም።

ወይራው ዘንድ ስንደርስ ልጁ ከኪሱ ፍሬ አወጣ። ፍሬው በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ሳይበቅል ይከርማል አለኝ፤ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ ውስጡ ያለው ከተጎዳ አበቃለት። ጫካ ውስጥ ይህን ሥራ የሚያግዘው ወፍ ነው፣ ውጦ፣ አሽቶ፣ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። የአገር በቀል ዛፎችን ዘር እንዴት ማብቀል እንደሚቻል ለማጥናት ዕድሜያቸውን የሰጡት ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ ናቸው፤ በመጽሐፍም ጽፈውታል። የባህር ዛፍ ዘር ግን በትነኸው ይበቅላል። ከተሞቻችን በእንግዳ ዛፍ የተሞሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ቅለቱ ሳይሆን አይቀርም።

ከመውጣቴ በፊት የመድኃኒት ተክሎቹን መደብ ዞርኩት፤ ዳማከሴ፣ እንዶድ፣ ጦስኝ፣ ሰንሰል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የመዘገበው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው ያለቀው፣ ስምንት ቅጽ ወጥቶታል። ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይህንን ማዕከልም መርተውታል። የተመዘገበው 6,000 ያህል ዓይነት ተክል ነው፣ ከመቶ አሥር ያህሉ ሌላ አገር የለም። ከእኔ ሠፈር አጥር ጀርባ ያለውን ብንቆጥር ስንቱ ይገኝ ይሆን እያልኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ዓርብ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ «ሐዋሳ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ አሳፈረኝ፤ ውስጥ ስገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። 750 ብር ከፍዬ፣ ከአንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ጎን ተቀምጬ ሲነጋ ወጣን። ሞጆ ላይ ቁርስ ሆነ፣ ጾም ስለሆነ ፉል በዘይት፣ ከሻይ ጋር 140 ብር። ከሞጆ ወዲያ አገሩ ሜዳና ግራር ነው። ገበሬው ማሳው መካከልም ጎጆው ደጅም ግራሩን ትቶታል፤ ከብቶች ሥሩ ይተኛሉ፣ ፍየሎች ይንጠላጠሉበታል። በየመንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ጆንያም ከዚሁ ዛፍ ነው፣ ሾፌራችን ቆሞ ሁለት ገዝቶ ጣራ ላይ ጫነ። ዝዋይ አካባቢ ደግሞ የአበባ እርሻዎቹ የፕላስቲክ ቤቶች ከሩቅ ያብረቀርቃሉ፣ ወደ አውሮፓ የሚላክ ጽጌረዳ ነው።

275 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ሐዋሳ ስንገባ እኩለ ቀን ሆኗል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። አሞራ ገደል ሄጄ የተጠበሰ ዓሣ በላሁ፣ አባ ኮዳዎቹ ከእኔ ቀድመው አጥንቱን ይጠብቃሉ። ከሐይቁ ዳር ትልልቆቹ ሾላዎች ላይ ጉሬዛዎች ይዘላሉ። አንድ ሰውዬ ሾላው ሥር ወንበር ዘርግቶ ፀጉር ያስተካክላል፤ ሱቅ መከራየት አላስፈለገውም። አልጋ 900 ብር ያዝኩ፣ ትንኙ እስኪነጋ አላስተኛኝም።

ቅዳሜ። ከሐዋሳ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በሚኒባስ 280 ብር። ከአፖስቶ በኋላ መንገዱ መጠምዘዝ ይጀምራል፣ አፈሩ ይቀላል፣ በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ይቆማል። መስኮቱን ስከፍተው የሆነ ሽታ ገባ፣ ጣፋጭ፣ ከባድ። የቡና አበባ ነው። ከሳምንት በፊት የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቡናው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ለብሷል። አጠገቤ የነበረችው ተማሪ ይህ ሽታ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፣ ዕድለኛ ነዎት አለችኝ። አንቱ መባሌ ትንሽ ከነከነኝ።

ዲላ አቮካዶ ጁስ ጠጥቼ በሌላ ሚኒባስ ወደ ወናጎ ቀጠልኩ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የጓደኛዬ አጎት አስፋልቱ ዳር ቆመው ጠበቁኝ፤ ስድሳውን ያለፉ፣ አጠር ያሉ ሰው ናቸው፣ ፕላስቲክ ጫማ አድርገዋል። ቦርሳዬን ቀምተውኝ ዳገቱን ፊት ፊት ይመሩኝ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል በቀይ ጭቃ ስንሄድ ግራ ቀኙ ጫካ ነው፣ ግዙፍ ዛፍ፣ ሥሩ ቁጥቋጦ፣ ጨለም ያለ። ቤቱ ሩቅ ነው ወይ ጋሼ አልኳቸው። «የትኛው ቤት?» ብለው ቆሙ። «ከአስፋልቱ ጀምሮ እኮ በሰው ደጅ ነው የምንሄደው።» ያኔ ነው ጭሱን ያየሁት፤ በቅጠሉ መካከል፣ እዚህም እዚያም፣ ቀጭን ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ ጫካ ያልኩት ሁሉ ጓሮ ነው። ጌዴኦ በኢትዮጵያ ገጠር ሰው በብዛት ሰፍሮ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፣ ከመንገድ ሆኖ ሲያዩት ግን ሰው ያለበት አይመስልም።

የእሳቸው ግቢ ሁለት ፊት አለው። ከቤቱ ፊት ለፊት የተላገ የመሰለ ሰርዶ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ይጠረጋል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ እንግዳ ይቀመጥበታል። ከቤቱ ጀርባ ግን መጥረጊያ አይገባም። የወደቀ ቅጠል በወደቀበት ይቀራል፣ እግር ሲረግጠው ይሰምጣል። ቤቱን ተጠግቶ እንሰት አለ፣ የከብቱ እበትና አመዱ እዚያ ስለሚደፋ የወፈረውም እሱ ነው። ራቅ ሲል ቡናው ይጀምራል፣ ከቡናው በላይ ደግሞ ዋንዛ፣ ብርብራና ኮርች ጥላ ይዘዋል፤ ዳር ላይ አንድ ያረጀ ጥቁር እንጨት ብቻውን ቆሟል። እንዲህ ደረጃ በደረጃ የተተከለው የጌዴኦ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ደስ ብሏቸዋል፣ ግን ከዚያ በኋላ ፎቶ የሚያነሣ ሰው በዝቶ ቡናቸውን እየረገጠባቸው ነው።

እያንዳንዱን ዛፍ ሥራውን ጠየቅኳቸው። ዋንዛ ለበርና ለአልጋ፣ አበባው ለንብ፣ ፍሬው ለልጅ ነው፤ ቡናው ፀሐይ ሲያንሰው ቅርንጫፉ ይመለመላል፣ ምልምሉ ማገዶ ይሆናል። ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የሌለ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ለቡናው ምግብ ነው፣ ዘሩን ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የበተነ ሰው ዓሣውን አስክሮ ይይዛል። ኮርች ለአጥር ነው። የክንድ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ጫፉ ተጠርቦ፣ ዝናብ ሲጀምር መሬት ላይ ይተከላል፣ ግንድ ነው ሲሉት ቅጠል ያወጣል። አጥሩን ዞሬ ነካሁት፤ ከእነዚህ ቋሚዎች የሞተ አላገኘሁም፣ ሚስማርም ሽቦም የለበትም። ቤቱን ተደግፋ የቆመች አንዲት ቁጥቋጦ ግን ሳይነግሩኝ አለፉ። ስጠይቃቸው እናታቸው ከውስጥ በጌዴኡፋ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ ማንም አልተረጎመልኝም፣ እኔም አልደገምኩም።

ንጹሕ አገር በቀል ግቢ ነው ማለት አይቻልም። አቮካዶ አለ፣ ማንጎ አለ፣ ከታች ወሰኑ ላይ ለገንዘብ የተተከለ ባህር ዛፍም አለ። የመጣበትን አገር የሚጠይቅ የለም። «ሥራ የሌለውን ዛፍ ማን ያኖረዋል ልጄ?» አሉኝ፣ ባህር ዛፉን በክፉ ዓይን ያዩት እንደሆነ በጠየቅኳቸው ጊዜ። ትልቁ የሥራ ድርሻ ግን በአገሩ ተክል እጅ ነው፤ ጥላው፣ ምግቡ፣ አጥሩ፣ መድኃኒቱ። ከተማ ውስጥ አገር በቀል ዛፍ ሲተከል ለቅርስነት ነው፣ ሐውልት ነው የሚደረገው፤ እዚህ ግን ለዘወትር አገልግሎት ነው። እኔ የጎደለኝም ይህ ነበር።

ማታ ቆጮ በጎመን ቀረበ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ ጾሙ አይመለከታቸውም፣ ግን ለእኔ ብለው ቅቤ ያልነካው ጎመን ለብቻ ሠርተዋል።

እሁድ። ሌሊቱን ዘነበ፣ ጠዋትም አላባራ። ከጓሮው ጠርዝ ቆሜ ውሃውን ተከተልኩት። መጀመሪያ ዋንዛው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ እንሰቱ ይንጠባጠባል፣ ሰፊው ቅጠል ሰብስቦ ወደ ግንዱ ያፈሰዋል፣ መሬት ሲደርስ ኃይል የለውም። ቁልቁለቱ እኔን ያንሸራትታል፣ ቦይ የቆፈረ ጎርፍ ግን አላየሁም። አስፋልቱ ዳር ወደተመነጠረው ቦታ ሲወጡ ያው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ መንገዱ ላይ ቀይ ወንዝ ሠርቷል። ቤተሰቡ ኮባ ቅጠል ራሱ ላይ ደፍቶ ጸሎት ቤት ሄደ፤ እኔ ከሽማግሌው እናት ጋር ቡና ላይ ቀረሁ። ማድ ቤቱ በር ላይ ጤና አዳም አለ፣ አንድ ዘለላ ቀጥፈው ሲኒዬ ውስጥ ጨመሩ። አጠገቡ ዳማከሴ፣ ምች የመታው ሰው በመዳፉ አሽቶ የሚያሸተው። ከእጅ እንዳይርቁ ነው እዚያ የተተከሉት፣ የግቢው ማስዋቢያም ሆነዋል።

ከሰዓት በኋላ ሲያባራ ሽማግሌው እንሰት ሊያባዙ ተነሡ፣ እኔም ቢለዋ ያዥ ሆንኩ። በመጀመሪያ ቢለዋውን እሳት ላይ ግራና ቀኝ አገላበጡት፣ ሽታው እስኪለወጥ። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ በስለትና በበሽተኛ ችግኝ ነው ከጓሮ ጓሮ የሚሄደው፤ አንዴ ከገባ ለዓመታት የተደከመበትን እንሰት ጨርሶ ያደርቃል። ከዚያ መካከለኛ እንሰት ነቅለው፣ ግንዱን ከአምቾው (ከሥሩ ካለው ወፍራም ክፍል) በላይ ቆረጡ። አምቾው ነጭ ነው፣ ውሃ ያዘለ፣ መካከሉ ላይ የሚያድገው ቡቃያ ይታያል። ያንን ቡቃያ በቢለዋው ጫፍ ፈልፍለው አወጡት፣ ጉድጓዱን በአውራ ጣታቸው እየዞሩ መረመሩት። እናት ቡቃያዋ እስካለች ልጆቹ አይወጡም አሉኝ። አምቾው ጥቂት ቀን ጥላ ላይ ሰንብቶ እበት ባለበት ጉድጓድ ይቀበራል፣ ወራት ቆይቶ ከዙሪያው ሃምሳም መቶም ልጅ ያወጣል። እየተነቀሉ፣ ቦታ እየተቀየረላቸው፣ ለመብል እስኪደርሱ ግን ብዙ ዓመት ነው። «እኔ የምበላውን አባቴ ነው የተከለው» አሉ እጃቸውን እየታጠቡ። እንሰት ኢትዮጵያ ውስጥ 20 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ይመግባል፤ ለምግብነት የተላመደውም እዚሁ አገር ነው።

ሰኞ። በጠዋት ወደ ቡሌ ወጣሁ፣ ከዲላ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ 150 ብር። ታች ሸሚዝ ለብሼ የተነሣሁት ሰው ላይ ደርሼ ጋቢ ተዋስኩ። ጌዴኦ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይዘልቃል፣ በአንድ ጠዋት ቆላውንም ደጋውንም ማየት ይቻላል። እዚህ ቡና የለም፤ ጓሮው እንሰትና ቀርከሃ ነው፣ በየመካከሉ ኮሶ። ጉም ወርዶ ብዙ አላየሁም። አንዲት እናት ግቢያቸው ያለውን ኮሶ ለምን እንደሚያኖሩት ጠየቅኳቸው፣ ቅጠሉ እንሰቱን ያወፍረዋል አሉኝ፣ ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። ትኩስ ድንችና ቃሪያ አበሉኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ለእኔ ግቢ ይበልጥ የሚጠቅመኝ የእሳቸው ጓሮ ይመስለኛል፤ የአዲስ አበባ አየር ከወናጎ ይልቅ ለቡሌ ይቀርባል።

ረቡዕ። ማክሰኞን ሙሉ መንገድ ላይ ውዬ አዲስ አበባ ገባሁ። ሽማግሌው የእንሰት ችግኝ ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር፣ አጠውልጉን ፈርተን ተውነው፤ ከብርብራ ዘር ግን አንድ እፍኝ ይዣለሁ። ጠዋት ወንዝ ዳር ወዳሉት ችግኝ ሻጮች ሄድኩ። መደቡ ያምራል፤ ቡገንቪሊያ፣ ፈርን፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ባለ ቀይ ቅጠል። ጥድ አለ ወይ አልኳት ባለቤቲቱን። «የፈረንጁ ከሆነ ሞልቷል፣ 60 ብር።» ዋንዛስ? ወይራስ? ሳቀች። «ወንድሜ፣ እኔ ሰው የጠየቀኝን ነው የማፈላው። ዋንዛ የሚለኝ ሰው ዘንድሮ አንተ የመጀመሪያው ነህ።» ተነጋገርን። ዋንዛው ለሐምሌ ይደርሳል፣ ወይራው ግን ለከርሞ ነው አለች። 300 ብር ቀብድ ሰጠኋት።

ግቢው እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ። ግራዋዋ ባለችበት ትቆያለች። አጥሩን ተከትሎ ሰንሰል፣ መንገድ በሚያዋስነው በኩል ቀጋ። ማዕዘኑ ላይ አንድ ዋንዛ፣ ብርብራው ከበቀለልኝ ከእሱ ማዶ። ማድ ቤቱ ጎን እንሰት፣ ጌሾ፣ ዳማከሴና ኮሰረት። ዝግባ እወዳለሁ፣ ግን ከ30 ሜትር በላይ የሚያድግ ዛፍ ለእኔ ግቢ አይሆንም፤ ቦታው ያለው ሰው ይትከለው። ሳሩ ሰርዶ ነው፣ ከቤቱ ፊት ብቻ፣ ከጀርባ ያለውን ቅጠል ማንም እንዳይጠርገው ለቤተሰቡ ተናግሬያለሁ።

ዘንድሮ ክረምት ችግኝ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ሐምሌን አትጠብቁ። ከአሁኑ ወደ ሠፈራችሁ ችግኝ ሻጭ ሂዱና ዋንዛ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ የአበሻ ጥድ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ የለም ካሏችሁ ቀብድ ስጡና አፍሉልን በሏቸው።